ባገረሸ የራስና የአንገት ካንሰር ውጤት ላይ የሚጻፈው «ሲፒኤስ» ምን ይለካል?

የራስና የአንገት ካንሰር ሲያገረሽ በናሙና ምርመራው ውጤት ላይ ብዙ ጊዜ «ሲፒኤስ» (ጥምር አዎንታዊ ነጥብ) የሚል ቁጥር ይሰፍራል፤ ይህ ቁጥር ግን የበሽታውን ስርጭትም ሆነ የመዳንን ዕድል በመቶኛ አይገልጽም። የሚገኘው ፒዲ-ኤል1 የተባለውን ፕሮቲን የሚያሳዩ የካንሰር ሕዋሳት፣ ሊምፎሳይቶችና ማክሮፋጆች (የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት) በአንድነት ተቆጥረው በናሙናው ውስጥ ላሉት ሕያው የካንሰር ሕዋሳት ብዛት ሲካፈሉና በ100 ሲባዙ ነው። አካፋዩ የካንሰር ሕዋሳትን ብቻ ስለሚይዝ ስሌቱ ከ100 ሊያልፍ ይችላል፤ በሪፖርት ግን ጣሪያው 100 ነው።

ፒዲ-ኤል1 ካንሰርን በሚያጠቁት የመከላከያ ሕዋሳት፣ ማለትም በቲ ሕዋሳት፣ ላይ ካለው ፒዲ-1 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ሲጣመር የመከላከል ጥቃታቸውን ይገታል። ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ይህን ጥምረት ስለሚከለክል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2019 መድኃኒቱ ላገረሸ ወይም ለተሰራጨ የራስና የአንገት ስኩዌመስ (ከሽፋን ሕዋሳት የሚነሳ) ካንሰር የመጀመሪያ ሕክምና ሆኖ ብቻውን እንዲሰጥ ሲፈቅድ ሲፒኤሱ ቢያንስ 1 እንዲሆን ጠይቋል። ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ ገደቡ የለም።

ከፍተኛ ቁጥር ግን ዋስትና አይሆንም፤ ምክንያቱም ዋነኛው ችግር አንዳንድ ጊዜ ያለው በዕጢው ጂኖች ላይ ነው። ዕጢው የሕዋሱን መለያ ምልክት ለቲ ሕዋሳት ለማቅረብ የሚያስፈልጉትን የኤችኤልኤ ጂኖች ወይም ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራውን ጂን ካጣ፣ መድኃኒቱ የፒዲ-1ን ፍሬን ቢለቅም እንኳ ቲ ሕዋሱ ጠላቱን የሚለይበት ምልክት አይቀርብለትም። በተጨማሪም ከጨረርና ከኬሞቴራፒ የተረፉት ሕዋሳት ከመጀመሪያው ዕጢ የተለየ የጂን ለውጥ ሊይዙ ይችላሉ፤ ስለዚህ በእኔ ግምት፣ የበሽተኛው ሁኔታ ከፈቀደ፣ ካገረሸው ዕጢ የተወሰደ አዲስ ናሙና ከቆየው ይመረጣል።