ከአፍ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ምላስ እንዴት ያገግማል

ምላስ አጥንት የለውም ይባላል። አባባሉ ለተረት ብቻ ሳይሆን ለሰውነት ጥናትም እውነት ነው። ምላስ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ጡንቻ ነው። ስምንት ጥንድ ጡንቻዎች አሉት። አራቱ ጥንዶች እዚያው ምላሱ ውስጥ ተጀምረው እዚያው ያልቃሉ፤ ቅርጹን የሚለዋውጡት እነሱ ናቸው። የቀሩት አራቱ ከመንጋጋ፣ ከላንቃ፣ ከራስ ቅልና አንገት ላይ ካለች ትንሽ አጥንት ተነስተው ምላሱን ወዲህና ወዲያ ይጎትቱታል። የሚደገፍበት አጥንት ስለሌለው አንዱ ጡንቻ የሚደገፈው በሌላው ነው። ውሃ የሞላ ከረጢት በሉት፤ አንዱን ጎን ስትጫኑት ሌላው ጎን ያብጣል። ስለዚህ ከምላስ ላይ ቁራጭ ሲነሳ የቀረው ክፍልም እንደ ድሮው መሥራት ያቅተዋል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እንለይ። ቁስል መዳን ሌላ፣ ምላስ ወደ ሥራው መመለስ ሌላ። ቁስሉ በሳምንታት ይዘጋል። መናገርና መዋጥ ወራት ይፈልጋሉ፤ አንዳንዴም ዓመት። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ሁለቱን በአንድ ቀን ስለሚጠብቅ ነው። ሐኪሙ «ቁስሉ ድኗል» ይለዋል። እሱ ግን ገና የራሱን ስም አጥርቶ አይጠራም።

ምን ያህል ተቆረጠ?

የምላስ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከላይኛው ሽፋን ነው። ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ይባላል። በብዛት የሚወጣው ምላሱ ጎን ላይ፣ ጥርስ በሚነካው ጠርዝ በኩል ነው። ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢዋን ብቻ ነቅሎ አይተውም። በዙሪያዋ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ የሚመስል ሥጋ ጨምሮ ያነሳል። የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ከካንሰሩ እስከ ጠርዙ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ነው። በዚህ ስሌት ትንሽ የምትመስል ቁስል ከራሷ የሚበልጥ ሥጋ ይዛ ትሄዳለች። ጥልቀትም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሚሠራበት የካንሰር ደረጃ አመዳደብ ስምንተኛ እትም የቁስሉ ስፋት ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘለቀም ይለካል።

ማገገሙን የሚወስነው በአብዛኛው የተነሳው መጠን ነው። ከግማሽ በታች ከሆነና የምላስ ጫፍ ከተረፈ ብዙ ሰው በሚገባ ይናገራል፣ ይበላል። ግማሹ ከሄደ ነገሩ ይከብዳል። ሙሉ በሙሉ ከተነሳ ደግሞ ሌላ ሕይወት መልመድ ነው። አንድ ነገር በግልጽ ይነገር፤ የተቆረጠ የምላስ ጡንቻ እንደገና አይበቅልም። የቀረው ነው ጠንክሮ የሁለቱን ሥራ የሚሠራው።

ቁስሉ

ምላስ ደም የጠገበ አካል ነው። በግራና በቀኝ የየራሱ የደም ቧንቧ አለው። ስለዚህ ሲቆረጥ ብዙ ይደማል፣ ሲድን ደግሞ ቶሎ ይድናል። የአፍ ውስጥ ሽፋን ከቆዳ ፈጥኖ ይገጥማል፤ የሚተወው ጠባሳም ያነሰ ነው። አፍ የባክቴሪያ ቤት ሆኖ ሳለ ይህ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከምክንያቶቹ አንዱ ምራቅ ነው። ምራቅ ቁስሉን ያረጥበዋል፣ ደም እንዲረጋ ያግዛል። ሂስታቲን የሚባሉ ፕሮቲኖችና ሕዋሳትን የሚያበዙ ንጥረ ነገሮችም አሉት።

ትንሽ ቁስል በቀጥታ ይሰፋል፤ ወይም ሳይሰፋ ከሥሩ ሞልቶ እንዲገጥም ይተዋል። ክሩ ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚሟሟ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየላላ ይወድቃል። በምግብ መሃል የክር ቁራጭ አፍ ውስጥ ቢገኝ አያስደነግጥም።

እብጠቱ ከፍ የሚለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ምላሱ አፍ ውስጥ አልበቃ ያለ ይመስላል። ለሃጭ ይዝረከረካል፣ ንግግር ይተሳሰራል። ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል። ጆሮ ላይ የሚሰማ ውጋትም የተለመደ ነው። ጆሮው ምንም አልሆነም። የምላስንና የጆሮን አካባቢ ስሜት የሚወስዱት ነርቮች ከአንድ ግንድ ስለሚወጡ አንጎል ይምታታበታል።

ከቀናት በኋላ ቁስሉ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋን ይመጣል። እዚህ ላይ መስተዋት ፊት ቆሞ «መግል ያዘ!» ብሎ የማይደነግጥ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ግን መግል አይደለም። ፋይብሪን የሚባል፣ ደም ሲረጋ የሚፈጠር ፕሮቲን ነው። ቆዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ደርቆ ቅርፊት ይሆን ነበር፤ አፍ እርጥብ ስለሆነ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። መፋቅ አያስፈልግም። ከሥሩ አዲስ ሥጋ ሲሞላ በራሱ ይለቃል። የሚያሳስበው ሽታው እየባሰ፣ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየጨመረ፣ ትኩሳት ሲከተል ነው።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ አፍን በቀን ደጋግሞ መጉመጥመጥ ዋናው የቤት ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ቀላል ነገር ነው፤ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ ያቃጥላል፣ አፍ ያደርቃል፤ ይቅር። ሲጋራ ደግሞ የሚደራደሩበት ጉዳይ አይደለም። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠብባል፣ ቁስል ደግሞ የሚድነው በደም ነው። ለዚያውም ካንሰሩን ያመጣው ሲጋራው ሊሆን ይችላል።

ከክንድ የመጣ ምላስ

የተነሳው ሥጋ ብዙ ከሆነ ክፍተቱ ከሌላ የሰውነት ክፍል በመጣ ሥጋ ይሞላል። በጣም የታወቀው ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ፣ ከክንድ የውስጥ ጎን የሚወሰደው ቆዳ ነው። ከቻይና የተገኘ ዘዴ ነው፤ በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ቆዳው ከነደም ቧንቧዎቹ ይነሳል። ከዚያ አንገት ላይ ካሉ የደም ቧንቧዎች ጋር በማይክሮስኮፕ እየታየ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፋል። ሰፊ ሥጋ ሲያስፈልግ ደግሞ ከጭን ይወሰዳል።

ከቀዶው በኋላ ያሉት የመጀመሪያ 2 እና 3 ቀናት የጭንቅ ናቸው። ነርሶች በየሰዓቱ እየመጡ የተተከለውን ሥጋ ቀለም ያያሉ፣ ሙቀቱን ይነካሉ፣ የደም ዝውውሩን ዶፕለር በሚባል የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ያዳምጣሉ። ከጠቆረ ደሙ መውጫ አጥቷል፤ ከነጣ ደግሞ የሚገባ ደም የለም። በዚያው ሰዓት ወደ ቀዶ ክፍል ከተመለሰ ሊተርፍ ይችላል። ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከ100 ከ95 በላይ የሚሆኑት ይይዛሉ። በዚህ ጊዜ ሰውየው አየር የሚስበው አንገቱ ላይ በተከፈተ ጊዜያዊ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። የሚመገበው በአፍንጫ ባለፈ ቱቦ ነው። እብጠቱ ሲወርድ የአንገቱ ቱቦ ይወጣል፤ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል።

የተተከለው ሥጋ አፉን ይሞላል እንጂ አይንቀሳቀስም። ጣዕም አያውቅም። መጀመሪያ ላይ ወፈር ያለ ነው፤ ከወራት በኋላ፣ በተለይም የጨረር ሕክምና ከተሰጠ፣ ይከሳል። ይህን ስለሚያውቁ ሐኪሞች ከሚያስፈልገው ትንሽ አብዝተው ያስገባሉ። አንድ ማንም አስቀድሞ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ የክንድ ቆዳ ፀጉር ካለው አፍ ውስጥም ፀጉር ያበቅላል። ያስቃልም ያስቀይማልም። ጨረር የወሰደ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ይረግፋል።

ስሜት፣ ንግግር፣ መዋጥ

የምላስ ስሜት፣ ጣዕምና እንቅስቃሴ በተለያዩ ነርቮች ነው የሚሄዱት። ስለዚህ አንዱ ተጎድቶ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። መደንዘዝ፣ መንዘር፣ ድንገት ውርር ማድረግ ለወራት ይቆያል። ነርቭ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ቀስ ይላል። እስከዚያው የደነዘዘውን ጎን ትኩስ ነገር ሳያውቁት ያቃጥለዋል፤ ጥርስም ይነክሰዋል።

ንግግር ላይ የትኛው ድምፅ እንደሚጎዳ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። እማማና አባባ ብሎ ለመጥራት ዋናው ሥራ የከንፈር ነው፤ ም፣ ብ እና ፍ ብዙም አይነኩም። ት፣ ድ፣ ን፣ ል፣ ር፣ ስ እና ዝ የምላስ ጫፍ ይፈልጋሉ። ክ፣ ግ እና ቅ ደግሞ የኋላውን። ጥ፣ ጭ እና ጽ በተለይ ያስቸግራሉ። እነዚህ ድምፆች የሚፈነዱት ምላስ አየሩን ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ ነው፤ በተቆረጠው በኩል አየር ካመለጠ ፍንዳታው ይጠፋል። «ጥርስ» ማለት ለዚህ ሰው ፈተና ነው።

የንግግር ቴራፒስት ሥራ እዚህ ይጀምራል። ሐኪሙ ቁስሉ ጠንክሯል ሲል ምላስን ወደ ፊት ማውጣት፣ ጉንጭን ከውስጥ መግፋት፣ ላንቃን መንካት በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ጠባሳ ይኮማተራል፤ ካልተንቀሳቀሰ ምላሱን ከአፍ ወለል ጋር አጣብቆ ያስቀረዋል። ድሮ በምላስ ጫፍ ይወጣ የነበረን ድምፅ በሌላ ክፍል ማውጣትም ይለመዳል። ጆሮ የሚሰማው ውጤቱን ነው፤ የት እንደተሠራ አይጠይቅም። ቀስ ብሎ መናገርና አፍን ሰፋ አድርጎ መክፈት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

መዋጥ ከንግግር የበለጠ አደገኛ ነው። ምላስ ምግቡን ጥርስ ሥር ይመልሳል፣ ይሰበስባል፣ ወደ ጉሮሮ ይገፋል። ይህ ሲደክም ምግብ ጉንጭ ውስጥ ይቀራል፣ ውሃም ሳይታሰብ ይወርዳል። ውሃ ቀላል ይመስላል እንጂ ከሁሉ የሚያስቸግረው እሱ ነው፤ ፈጣን ስለሆነ ትን ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰጠው ወፈር ያለ ፈሳሽና የተፈጨ ምግብ ሊሆን ይችላል። ራስን ወደ ጤነኛው ጎን ዘንበል ማድረግ ወይም አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት ይረዳል፤ የትኛው ለማን እንደሚበጅ በኤክስሬይ ቪዲዮ አይቶ የሚወስነው ባለሙያ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ምግብ ሳንባ ሲገባ ሳል እንኳ አይነሳም። በላይ በላዩ የሳንባ ምች ከያዘው መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

ምላሱ በሙሉ የተነሳ ሰው ላንቃው ዝቅ እንዲል የሚያደርግ ሰው ሠራሽ ላንቃ ይሠራለታል። ዝቅ ያለ የተተከለ ሥጋ ወደ ላይ መድረስ ካልቻለ ላንቃው ይወርድለታል ማለት ነው። የሌላ ሰው ምላስ የመትከል ሙከራም ተደርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ቪየና ውስጥ። የተለመደ ሕክምና ግን አልሆነም።

ጨረርና አንገት

ካንሰሩ የከፋ ምልክት ካለው ጨረር ይከተላል። በተቻለ መጠን ከቀዶው በኋላ በ6 ሳምንት ውስጥ እንዲጀመር ይፈለጋል፤ ራሱም 6 ሳምንት ያህል ይወስዳል። ገና የዳነ አፍ እንደገና ይቆስላል፣ ምራቅ ይደርቃል፣ ጣዕም ይጠፋል። ጣዕም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ምራቅ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የተበላሹ ጥርሶች ከጨረሩ በፊት መታየት አለባቸው፤ ጨረር ያገኘው መንጋጋ ላይ ጥርስ መንቀል በኋላ አጥንቱን ሊያበላሽ ይችላል። አፍ አልከፈት ማለትም ይመጣል። አፍ ሲከፈት በላይና በታች የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ከ35 ሚሊ ሜትር ካነሰ ችግር ነው ይባላል። ቤት ውስጥ መለኪያው ሦስት ጣት ነው።

«ምላሴን ታምሜ ትከሻዬን ለምን አመመኝ?» የሚል ብዙ ነው። ምክንያቱ አንገት ነው። የምላስ ካንሰር ወደ አንገት ሊምፍ ዕጢዎች ቶሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አብረው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሙምባይ ከሚገኘው ታታ ሜሞሪያል ማዕከል የወጣ ጥናት ጉዳዩን አጥርቶታል። የአንገት ዕጢዎቻቸው ገና በመጀመሪያው ቀዶ ከተነሱላቸው ሰዎች ከ3 ዓመት በኋላ 80 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ካንሰሩ አንገት ላይ እስኪታይ ከተጠበቀላቸው ደግሞ 67.5 በመቶው። ዋጋው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ክንድን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ነርቭ በዚያው ያልፋል። ነርቩ ባይቆረጥም ሲነካካ ይደክማል። ፊዚዮቴራፒ ቶሎ ከተጀመረ በጣም ይረዳል።

ካንሰሩ ከተመለሰ በአብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ክትትሉ በየ1 እስከ 3 ወር ነው፤ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል። በመሃል ቀጠሮ መጠበቅ የማያስፈልግባቸው ነገሮች አሉ። የማይቆም ደም፣ የመተንፈስ ችግር፣ በአንገት ቁስል በኩል ምራቅ መፍሰስ፣ በአንገት ላይ አዲስ እብጠት። በድሮው ቦታም ሆነ በሌላ ጎን 2 ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ከታየ፣ ባያምም እንኳ ለሐኪሙ መታየት አለበት።