«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ»፦ ነገሩ የት ነው የሚያልቀው?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ብዙዎች «ሴት አታውቅም» እንደ ማለት አድርገው ይጠቅሱታል፤ ልብ ብሎ ለሰማው ግን ተረቱ ዕውቀቷን አይክድም። «ብታውቅ» ብሎ ማወቋን ካመነ በኋላ የሚነፍጋት የነገሩን መቋጫ ነው። «ያልቅ» ያው «ያልቃል» ሲሆን፣ «ብታውቅ» ከሚለው ጋር ቤት እንዲመታ አጥሮ የቀረ ነው። በእኔ ግምት ምንጩ ከሙግትና ከሽምግልና ቋንቋ አይርቅም፤ «ነገሩ በሽማግሌ አለቀ» ስንል የምንጠቀምበትም ይኸው ግሥ ነው፤ ለዕርቅ ዛፍ ሥር የሚቀመጡትም በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ።

በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዧ የዓመቱን ሒሳብ ሳንቲም ሳታስቀር አንብባ እንደጨረሰች፣ ሰብሳቢው «እንግዲህ ጋሼ ያጠቃልሉልን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጋሼ ደብተሩን ከፍተውት አያውቁም።

ፓርላማውም ከዚህ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የገቡበት፣ በኋላም በምክትል ፕሬዚዳንትነት ያገለገሉበት ምክር ቤት ስሙ «የሕግ መምሪያ» ነበር፤ «የሕግ መወሰኛ» የተባለው ሌላኛው ምክር ቤት ግን አባላቱ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። (ስያሜው ራሱ ተረቱን ሳይሰማ የወጣ አይመስልም።) በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆነው፣ ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴም ርዕሰ ብሔር ሲሆኑ፣ ተረቱ ተሻረ ያለ ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 መሠረት ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀናት ውስጥ ካልፈረሙበት፣ ሕጉ ያለ ፊርማቸው በሥራ ላይ ይውላል።

ስለ ማሻሻያ ሲነሣ ወንበር መቁጠር ይቀናናል፤ መቁጠሩ አይከፋም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 212ቱን ሴቶች ይዘዋል። ነገር ግን በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ በሚያልፍበት ሥርዓት፣ ፓርቲው የሚያቀርበውም አንድ ስም ነው፤ ያ ስም መራጩ ካርዱን ከመያዙ አስቀድሞ በፓርቲው ስብሰባ ላይ አልቋል።