የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፦ ዛቻ ነው ወይስ አደራ?

የማስተምረው እዚህ ጅማ ነው። ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችንን የሰላም ክበብ ልጆች አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ሲባል ምን ማለት ነው?» አልኳቸው። እጅ ለማውጣት የዘገየ አልነበረም። «ብድሬን እመልሳለሁ ማለት ነው» አለ አንዱ። «ጊዜ ይጠብቃል እንጂ አይተውህም ማለት ነው» አለች ሌላዋ። ከኋላ ወንበር ደግሞ «ቆይ ብቻ!» የሚል ድምፅ መጣ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

አልፈረድኩባቸውም። እኔም ያደግኩት በዚሁ ትርጉም ነው። ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰው ይጣላል። ገላጋይ ገብቶ ያለያያቸዋል። ከዚያ አንደኛው እየሄደ ዞር ይልና ጣቱን ቀስሮ ይህችን አባባል ይወረውራታል። የሰማ ሁሉ «ይሄ ሰውዬ ቂም ይዟል» ብሎ ይበተናል።

እስቲ አባባሉን ቀስ ብላችሁ ድገሙት። አራት ቃል ነው። «ይመልሳል» የሚል አለበት? የለበትም። «ይበቀላል»ስ? እሱም የለም። ሁለት ግስ ብቻ ነው ያለው፦ መውጋትና መርሳት። ሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። በቀሉን የጨመርንበት እኛ ነን።

«ወጋ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። ጦር ይወጋል፤ የበሬ ቀንድ ይወጋል፤ እሾህ ይወጋል። ከጤና ጣቢያ የተመለሰ ሕፃን «መርፌ ተወጋሁ» ብሎ ክንዱን ያሳያል። ከዚሁ ግስ ሁለት ስሞች ይወጣሉ። አንዱ «ውጊያ» ነው፤ ሌላው «ውጋት»። ውጊያ ቀን አለው፤ ይጀመራል፤ ያልቃል፤ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። ውጋት ግን ጎን ውስጥ ይቀራል። ሲያስነጥሱ፣ ሲያጎነብሱ፣ ሌሊት ሲገላበጡ ይመጣል። ለወጋው ሰው ነገሩ ውጊያ ነበር። ለተወጋው ውጋት ነው። አባባሉ በአራት ቃል የያዘው ይህን ልዩነት ነው።

ሌላም አለ። በንግግራችን «አይረሳም» ነው የምንለው። አባባሉ «ም»ን ጥሎ «ቢረሳ» እና «አይረሳ» እንዲገጥሙ አደረገ። ስለዚህ ነው ከልጅም ከአዋቂም አፍ የማይጠፋው። ስምም የለበትም። የወጋ ማን? የተወጋ ማን? ዛሬ በአንዱ ቦታ የቆመ ነገ በሌላው ይቆማል።

ለልጆቹ ይህን በቃል ከማስረዳት ሌላ ነገር መረጥኩ። ሁሉም ከደብተሩ አንድ ቅጠል እንዲቀድ ነገርኳቸው። «በአንደኛው ገጽ ሰው የበደላችሁን፣ በጀርባው እናንተ ሰው የበደላችሁትን ጻፉ። ስም አትጻፉ፤ እኔም አላነበውም» አልኳቸው። በመጀመሪያው ገጽ ስክሪብቶው ይሮጥ ነበር። ወረቀቱ ሲገለበጥ ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ስክሪብቶውን እየነከሰ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንዷ ሁለት መስመር ጻፈችና ሰረዘችው። «ቲቸር፣ እኔ ምንም የማስታውሰው የለም» አለኝ ያ «ቆይ ብቻ» ያለው ልጅ። ዋሽቷል ብዬ አላሰብኩም። እኔም አብሬያቸው እየጻፍኩ ነበር። የበደሉኝን ከልጅነቴ ጀምሮ ዘረዘርኩ። የበደልኳቸውን ለማስታወስ ግን ብዙ ቆየሁ።

አባባሉ ከየት እንደበቀለ የሚጠቁመው ይኸው «ወጋ» ውስጥ ያለው ጦር ነው። በቀድሞው ሥርዓታችን ነፍስ ያጠፋ ሰው ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። የደም ዋጋ ተቀብለው ይተዉታል፤ ካልሆነም ይበቀሉታል። «ደመኛ» የሚለው ቃል የዚያ ዘመን ነው። ደም የተቃባ ሰው ገበያ ሲወጣም፣ ልጁን ሲድርም፣ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ የተወጋ ወገን አይረሳም ማለት ተራ ወሬ አይደለም። ሽማግሌ ሳይረፍድ እንዲነሳ የሚጠራ ደወል ነው። «እርቅ ደም ያደርቃል» የሚለውም የተወለደው እዚያው ሳይሆን አይቀርም።

በዙሪያችን ባለው የኦሮሞ ባህል ደግሞ ጉማ አለ። ነፍስ ሲጠፋ ካሳውን የሚያዋጣው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ጎሳው ነው። እንዲህ ሲሆን የወጋው ወገን ለመርሳት አይመቸውም። ከብት ከየቤቱ ሲወጣ እያንዳንዱ ቤት «ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም ልጆች ይሰማሉ። ለእኔ የጉማ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው። ተራውን የጎረቤት ጠብ ደግሞ ጃርሱማ ያየዋል፤ ሽምግልና ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 ኦሮሚያ ክልል ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል።

አሁን ወደ አንድ ግቢ ልውሰዳችሁ። ከአዌቱ ወንዝ ብዙ አይርቅም። አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቡና ታፈላለች። ረከቦቷ፣ ጀበናዋ፣ የከሰል ምድጃዋ፣ በዙሪያው ደግሞ በርጩማዎች። ከበርጩማዎቹ አንዱ ከዋንዛ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው። ልጇ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር በገንዘብ ተጣላና በጥፊ መታው። ሹፌሩ በማግስቱ ማታ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ልጁን አላገኙትም። ረከቦቱን ገለበጡት። ጀበናው ተሰበረ፤ ስኒው ረገፈ፤ የእናቷ በርጩማ አንድ እግሩ ተገነጠለ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሏል ይህ ነው።

ፖሊስ ጋ መሄድ ትችል ነበር። እሷ ግን ሽማግሌ ጠራች። ሦስት ሆነው ተቀመጡ፦ ሁሉም የሚያከብሯቸው ሀጂ፣ ጡረታ የወጡ አናጺ፣ እና አዴ ብለን የምንጠራቸው እናት። እኔ ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ። ጉዳዩ የሆነው ከአንድ ወር በፊት ነበር። ሹፌሩ እንደገባ እጅ ነሳና እንዲህ አለ፦ «ሀጂ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ። በእኔ በኩል አልቋል። ይለፍ።»

በቅንነት ነው ያለው። ትልቅ ነገር የሰጠ መስሎት ነበር።

አዴ ቀና ብለው አዩት። «አንተማ ትረሳለህ፣ ልጄ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ? እንድታስታውስ እኮ ነው የጠራንህ» አሉት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ያን ቀን ነው አባባሉ የገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ከተወጋ ሰው አፍ፣ ከጥርስ ንክሻ ጋር ነበር። አዴ ወደ ወጋው አዞሩት። ዛቻው አደራ ሆነ። «የእሷ ውጋት አንተም ዘንድ ይድረስ» ማለት ነው።

ከዚያ ሀጂ ወደ ሴትየዋ ዞሩ። ከሰሷት ወይም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቋት ብላችሁ እንዳትጠብቁ። «ምን ጎደለብሽ?» ብቻ ነው ያሏት። ስለ ስኒው ትናገራለች ብዬ ብዕሬን አዘጋጀሁ። ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፤ ፈታች። «ማታ ማታ የባጃጅ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነቃለሁ» አለች። «ልጄ አጠገቤ ተኝቶ እንኳ ተነስቼ በሩን እነካካለሁ።» ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ስኒ እንደሰበረ ያውቅ ነበር። እንቅልፍ እንደሰበረ ግን አያውቅም።

ስምምነቱ አጭር ነበር። የጀበናውንና የስኒውን ዋጋ በሦስት ጊዜ ይከፍላል። በርጩማውን ገዝቶ ሳይሆን በገዛ እጁ፣ አናጺው ሽማግሌ ቤት ሦስት ቅዳሜ እየሄደ ይጠግናል። የሷም ልጅ ስለ ጥፊው ይቅርታ ይጠይቃል። እሷ ያን ቀን «አፉ ብያለሁ» አላለችም። ማንም አላስገደዳትም። በሦስተኛው ቅዳሜ በርጩማው ሲመጣ እግሩን በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ቡና አፈላች። ቃሉን ያወጣችው ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ነው።

ይህን አሠራር ዛሬ በየአገሩ የሚያስተምሩት «ተሃድሷዊ ፍትሕ» እያሉ ነው። እኔ «ጠጋኝ ፍትሕ» ቢባል ይሻለኛል። በዘመናዊ ፍርድ ቤቶች ዘንድ መነሻው ተብሎ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት 22 ቦታ ንብረት አበላሹ። የአመክሮ ሠራተኛው ልጆቹ ከተበዳዮቹ ጋር ፊት ለፊት ቢገናኙስ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ዳኛውም ተቀበለ። ልጆቹ በር እያንኳኩ እያንዳንዱን ባለቤት አዩ፤ የደረሰበትን ሰሙ፤ ኪሳራውንም ከፈሉ። ጥያቄው «የትኛው ሕግ ተጣሰ?» ከሚለው ወደ «ማን ተጎዳ፣ ምን ያስፈልገዋል?» ዞረ። የሀጂ «ምን ጎደለብሽ?» ጥያቄ ከዚህ በምን ይለያል?

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሁለተኛው ጦር ሳይወረወር ሲቀር ነው። ለዚህ ደግሞ ከአርባ ምንጭ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። ያገሬው ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ርጥብ ሣር የያዘን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ የተወጋው ወጣት ውጋቱን እንዲረሳ አልነበረም የፈለጉት። ጦሩን እንዲያስቀምጥ ነው። ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። የእኛ ክበብ በየሳምንቱ የሚለማመደው ይህንኑ ነው። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ አንድ ስኒ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የሚናገረው ስኒውን የያዘ ብቻ ነው። የተናደደ ልጅ ስኒው እስኪደርሰው ሲጠብቅ ትንፋሹ ሲረጋጋ ይታያል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሽምግልና የሚበላሽበት መንገድ አለ። «ይቅር በይው በቃ፤ ነገር አታብዢ» ተብሎ ተበዳይ ሲገፋ አይቻለሁ። በተለይ ተበዳይዋ ሴት ስትሆን። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ወይም ደፋሪ የበደላትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጋብቻ ተብሎ፣ ነገር «በእርቅ» ያልቅ ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ያን ቀዳዳ ደፍኖታል። ያ እርቅ አልነበረም። የተወጋችውን «እርሺ» ማለት ነበር። እንዲህ ያለው በደል ቦታው ፍርድ ቤት ነው፤ በሽማግሌ ምንጣፍ ስር የሚጠረግ አይደለም። አባባላችን ለዚህም ይመሰክራል፦ አይረሳም።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውም ብዙ ጊዜ በተበዳይ ላይ ብቻ ነው የሚጫነው። ቂም የያዘው እሱ ነውና ይተወው ይባላል። ሳሉን ያመጣበትን ብርድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የአዌቱ ዳሯ ሴት አሁንም ቡና ታፈላለች። የተጠገነው በርጩማ እግሩ ከሌሎቹ ትንሽ ይነጣል፤ አዲስ እንጨት ስለሆነ። ባለፈው ሰሞን አምሽቼ በዚያ ሳልፍ አንድ ባጃጅ ከፊቴ መብራቷን አብርታ መጣች። ግቢው ጥግ ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ። ቤንዚን ያለቀበት መስሎኝ ልረዳው ተጠጋሁ። ያ ሹፌር ነው። ወርዶ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ እየገፋ ነበር። «ነዳጅ አለቀ?» አልኩት። «አይ ቲቸር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተኝተው ይሆናል ብዬ ነው።» የግቢውን አጥር እስኪያልፍ አብሬው ገፋሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።