መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ የተለጠፈ «ሞንቴሶሪ» የሚል ስም ምን ያረጋግጥልናል?

ብቻውን ብዙም አያረጋግጥም። ሞንቴሶሪ ልጆች በነፃነት ዕቃ እየመረጡ በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበት ዘዴ ነው። ስሙ የመጣው ከጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ሲሆን፣ እሷ «የሕፃናት ቤት» ያለችውን የመጀመሪያ ትምህርት ቤቷን ሮም ውስጥ የከፈተችው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙ ግን በብዙ አገሮች የማንም የተመዘገበ ንብረት ስላልሆነ የፈለገ ሁሉ በሩ ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ ታፔላውን ተዉትና ክፍሉን እዩ።

አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ትንሹ ከትልቁ ያያል። ጠዋት ልጆቹ በመረጡት ዕቃ የሚሠሩበት፣ ለ3 ሰዓት ያህል የማይቆራረጥ የሥራ ጊዜ አለ።

ወላጅን በጣም የሚያደናግረው «ነፃነት» የሚለው ቃል ነው። ልጁ እንዳሻው ይሆናል ማለት አይደለም። መምህሯ አጠቃቀማቸውን ካሳየችው ዕቃዎች መካከል ይመርጣል። ሲጨርስ ወደ ቦታው ይመልሳል። ሌላ ልጅ የያዘውን አይነጥቅም፤ ተራውን ይጠብቃል። እንደኔ ከሆነ ከብዙ መዋዕለ ሕፃናት የበለጠ ሥርዓት አለበት!

ዕቃዎቹም ዝም ብለው መጫወቻ አይደሉም። ሮዝ ግንብ የሚባለው ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው 10 ኩቦች ናቸው። ልጁ ቅደም ተከተሉን ከሳተ ከግንቡ ቅርጽ ራሱ ያየዋል፤ «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው አያስፈልግም።

ማርክና የቤት ሥራ በዚህ ዕድሜ እምብዛም የለም። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ስትሉት «ውኃ ቀዳሁ» ቢላችሁ አትደንግጡ። ውኃን ከዕቃ ወደ ዕቃ መቅዳቱ ትኩረትን ያለማምዳል፤ እጁንም ለመጻፍ ያዘጋጃል።

ከመመዝገባችሁ በፊት መምህሯ የሞንቴሶሪ ሥልጠና የት እንደወሰደች ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁም ጥግ ይዛችሁ አንድ ጠዋት ተመልከቱ።