«ዲዛይን ቋንቋ ነው» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዲዛይነሮች «የቅርጽ ቋንቋ»፣ «የቀለም ሰዋስው» ማለት እንወዳለን። ክፋት የለውም። ችግሩ ከቋንቋ ጥናት ስንበደር ግማሹን እዚያው ትተን መምጣታችን ነው።

«ጥሩ ምልክት ሳያስረዱት ይገባል»

ጠላ ቤት በራፍ ላይ እንጨት ይተከላል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። ጽሑፍ የለ፣ ሥዕል የለ። አገሬው አይቶ ዘው ይላል። እንግዳ ግን «ጣሳው እንዲደርቅ ይሆናል» ብሎ ያልፋል። ጣሳ ከመጠጥ ጋር ዝምድና አለው፤ እሺ። ግን ወተት ሳይሆን ጠላ፣ ለድግስ ሳይሆን ለሽያጭ መሆኑን ከየት አወቅን? ከሰፈሩ ስምምነት። ስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሲር ስለ ቃላት ያስተማረው ይህንኑ ነው። «ውሻ» የሚለው ድምፅ ውስጥ የሚጮህ ነገር የለም። ትምህርቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1916፣ እሱ ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ፋይል የምናስቀምጥበት ምልክትም ፍሎፒ ዲስክ ነው። ፍሎፒ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሳያመነታ ይጫነዋል። ሥዕሉ ቃል ሆኗል።

«እያንዳንዱ ቀለምና ቅርጽ የራሱ ትርጉም አለው»

ቀይ አደጋ፣ ሰማያዊ እምነት የሚሉ ሰንጠረዦችን አይታችኋል። እስቲ ነጠላን እዩ። ያው ጨርቅ፣ ያው ጥለት። ለቅሶ ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይወጣል። የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው፤ ሐዘኑ ግን ከሩቅ ይታወቃል።

«ሰዋስው ፈጠራን ያስራል»

ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ስታይኒ እና ጄምስ ጊፕስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቋንቋ ሊቁ ከኖአም ቾምስኪ ሐሳብ፣ ጥቂት ሕጎች ስፍር ቁጥር የሌለው ዓረፍተ ነገር ይወልዳሉ ከሚለው፣ ተነስተው የቅርጽ ሰዋስው አወጡ። ሕጉ «ይህን ቅርጽ ስታገኝ በዚያ ተካው» ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ስታይኒ ከዊልያም ሚቸል ጋር በጣሊያናዊው አርክቴክት በፓላዲዮ ቪላዎች ላይ ሞከረው። ሕጎቹ ፓላዲዮ የሠራቸውን ፕላኖች ብቻ ሳይሆን፣ ሊሠራቸው ይችል የነበሩትንም ወለዱ። እኔ በበኩሌ ከብድሩ ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

«እንግዲያው ዲዛይን ሙሉ ቋንቋ ነው»

አይደለም። ወንበር «ትናንት እዚህ ማንም አልተቀመጠም» ማለት አይችልም። ትናንትም፣ «አይደለም»ም የለውም።

የምመላለስበት አንድ ቢሮ የመስታወት በሩ ላይ የሚሳብ እጀታ አለ። ከላዩ «ይግፉ» የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል። ወረቀቱን አነብና እስባለሁ።