ልብ መሰብሰብ ሲነሣ በከተማው ዳር የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኖሮ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። የቀረችውን ጥቂት ሰዓት ደግሞ ስልኩ ይወስዳታል። ችግሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለመፍትሔ ተብለው የሚነገሩት ምክሮች ግን ብዙዎቹ ሰውን ያደክማሉ እንጂ አይረዱም።

«ቆራጥ ሰው ይችለዋል»

ማታ 2 ሰዓት ላይ ደክሞ የገባን ሰው ቆራጥነት አያድነውም። የሚያግዘው መቼ፣ የትና ከምን በኋላ እንደሚሠራ አስቀድሞ መቁረጥ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ የተያዘ ዕቅድ በደፈናው ከታሰበው የበለጠ እንደሚፈጸም አሳይቷል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው በየሳምንቱ «ልጹም ወይስ ልተው?» እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ ሰጋጁም አዛን ሲሰማ ይነሣል። እናም «ዘንድሮ አነባለሁ» ከማለት «የእራት ሳህን ሲነሣ ስልኬን መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ትቼ ሳሎን 20 ደቂቃ አነባለሁ» ይበሉ። መብራት ቢጠፋስ? የእጅ ባትሪ ከመጽሐፉ አጠገብ ይቀመጥ። በሳምንት 5 ቀን ከተያዘ በ4 ሳምንት 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል።

«21 ቀን ከቻልኩ ልማድ ይሆናል»

ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አዲስ ልማድ ለመያዝ በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ እንደ ሰዉና እንደ ነገሩ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ጅምሩን አላበላሸውም። በሦስተኛው ሳምንት «እኔ አይሆንልኝም» ብሎ መተው ትልቁ ስሕተት ነው።

«ስልክ ካልተዘጋ አይሆንም»

ስልኩን መዝጋት ብዙ ሰው የሚያቅተው የመርዶ ወይም የልጅ ጉዳይ ጥሪ እንዳያመልጠው ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ መዝጋትም አያስፈልግም። በአንድሮይድ ስልክ እናት፣ አባት፣ የትዳር ጓደኛና የልጅ ትምህርት ቤት ቁጥሮች ላይ ኮከብ ያድርጉ። ቀጥሎ የጥሪና የመልእክት ድምፅ የሚያጠፋውን «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለውን ከፍተው ኮከብ ያላቸው ብቻ እንዲጠሩ ይፍቀዱ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ የደወለ ሰው እንዲገባ የሚፈቅደውንም ያብሩ፤ ለመርዶ የሚደውል ሰው አንዴ ደውሎ አይተውምና።

ቴሌግራም ላይ የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው። ግሩፑን አርካይቭ ያደርጉና (ከዋናው ዝርዝር ያወጡትና) ድምፁን ሳያጠፉ ይተዉታል፤ አዲስ መልእክት ሲመጣ ተመልሶ ከላይ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ሚዩት፣ ከዚያ አርካይቭ። የቀን ኢንተርኔት ጥቅልም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው፤ በ24 ሰዓት ስለሚያልፍ «ሳይቃጠል ልጨርሰው» እያሉ እኩለ ሌሊት ድረስ ቪዲዮ ማየት ያመጣል። የወር ጥቅል የሚያስቸኩል ነገር የለውም።

«ሁለቱንም ባንዴ እሠራለሁ»

እንጀራ የሚጋግር ሰው ይፍረድ። ሊጡ ምጣዱ ላይ ዞሮ ዐይን ሲያወጣ አክንባሎው ወዲያው መደፋት አለበት። በዚያች ቅጽበት መልእክት ካነበቡ ጠርዙ ይደርቃል፤ ሲያነሡት ይሰነጠቃል። ሒሳብ መሥራትም፣ ልጅን ማስጠናትም እንዲሁ ነው፤ ጉዳቱ ግን እንደ እንጀራው ወዲያው ስለማይታይ ሰው ያልፈዋል። አእምሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ከፊሉ ፊተኛው ላይ ይቀራል።

«የመንገድ ሰዓት ሁሉ ሥራ ይሠራበት»

ተጨናንቆ በተጫነ ሚኒባስ ውስጥ ከባድ ነገር ማንበብ አይሆንም፤ ድካም ብቻ ይጨምራል። ሰልፍ ላይ ቆመው የቀኑን አንድ ዋና ሥራ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሌላውን መንገድ ዐይንዎን ያሳርፉ።

«ለራስ ጊዜ ማግኘት ከሰው መራቅ ነው»

በተለይ አዲስ ሰፈር ውስጥ ጎረቤትና እድር የሌለው ሰው ሲቸገር ብቻውን ነው። በሥራ ቀን ቡና ሲጠሩ ስልክ እየነካኩ አቦሉን ጠጥቶ ከመሮጥ፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብሎ በቀኑ እስከ በረካው መቀመጥ ይሻላል። ቀን ሰጥቶ መቅረት ግን ያስቀይማል። ለቅሶ ሲሆን ሁሉም ይቆማል፤ የማታው 20 ደቂቃ በማግስቱ ይቀጥላል።