መኪናው ሲቆም የእኔ መታወቂያ ለምን ይጠየቃል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ ቸርችል ጎዳና ላይ ይቆማል። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱንና ሊብሬውን ያወጣል። ከዚያ ሌላ ፖሊስ በሩን ይከፍትና «መታወቂያ አውጡ» ይላል። ቀጥሎ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ያጉረመርማል፣ አንዷ ቦርሳዋን እየበረበረች ትደነግጣለች፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኛን የመጠየቅ መብት የላቸውም» ማለት ይጀምራል።

በዚህ ጉዳይ የሚወራው ስህተት በሁለት በኩል ይጎዳል። መብቱን የማያውቅ ሰው ሳያስፈልገው ይፈራል። ያወቀ የመሰለው ደግሞ በአምስት ደቂቃ የሚያልቀውን ነገር ጣቢያ ያደርሰዋል። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፣ ተሳፋሪው ምን አገባው?»

በብዛት የሚሰማው ይሄ ነው። መኪና ሲቆም ቶሎ የሚመጣልን የትራፊክ ቅጣት ስለሆነ አይገርምም። ትራፊክ ፖሊስ ብቻውን ሲያስቆም እውነትም ጉዳዩ የሾፌሩ ነው። መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን፣ ትርፍ ጭኗል ወይ። ተሳፋሪው ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ረዳቱ ይለማመጣል፣ ያልቃል።

መታወቂያ የሚጠየቅበት ማስቆም ግን ሌላ ነው። ከትራፊኩ ጎን የአዲስ አበባ ፖሊስ ወይም የፌደራል ፖሊስ አባላት ቆመው ካያችሁ፣ የሚፈለገው የመንገድ ጥፋት ላይሆን ይችላል። የተሰረቀ መኪና ሊሆን ይችላል፣ የሚፈለግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሕገ ወጥ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚጓዝ ልጅም ሊሆን ይችላል። የጦር መሣሪያን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እና በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተከታትለው ነው የወጡት። መሣሪያም ሰውም የሚዘዋወረው በመኪና ነው፣ መኪና ውስጥ ያለው ደግሞ መሪ የያዘው ሰው ብቻ አይደለም።

ሿሿን አስቡት። ለአዲስ አበባ ሰው ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ለማያውቅ ግን ልናገር። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡትም አንድ ቡድን ናቸው። እውነተኛው ተሳፋሪ መሃላቸው የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሩ አልዘጋ አለ ይሉታል፣ ጠጋ በል ይሉታል፣ ትራፊክ መጣ ጎንበስ በል ይሉታል፣ በግርግሩ መሃል ስልኩ ወይም ብሩ ይወሰዳል፣ ከዚያ «አንሄድም፣ ውረድ» ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። ታዲያ ፖሊስ እንዲህ ያለውን መኪና አስቁሞ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ ብቻ አይቶ ቢለቅ ምን ሠራ ይባላል? ኪስ ያወለቀው ሰው ኋላ ወንበር ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ፖሊሶቹንም የምወቅስበት ነገር አለ። ምክንያቱን አይናገሩም። «የተሰረቀ መኪና እየፈለግን ነው፣ ትንሽ ታገሱን» ቢሉ ግማሹ ማጉረምረም ይጠፋ ነበር። ሰውን የሚያናድደው ሳይነገረው መጠየቁ ነው።

«መታወቂያ ከጠየቀኝ ጠርጥሮኛል ማለት ነው»

አይደለም። ሁሉም ተሳፋሪ ሲጠየቅ ማንም ተለይቶ አልተጠረጠረም። ቀኑንም እዩት። መስከረም 16 ደመራ ሲሆን፣ ኢሬቻ ሲደርስ፣ ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ፣ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ለጉባኤ ሲሰበሰቡ፣ ከመስቀል አደባባይ እስከ ሜክሲኮ፣ ከካዛንቺስ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ይጠበቃል፣ አንዳንዱም ይዘጋል። በእነዚያ ቀናት የሞላ ታክሲ በሙሉ ቢጠየቅ የተለመደ ነው።

ከሞላው ታክሲ አንድ ሰው ብቻ ተለይቶ ከተጠየቀ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ «ወንድሜ፣ እኔን ብቻ የጠየቅከኝ ለምንድን ነው?» ማለት ነውር የለውም።

«መታወቂያ ካልያዝኩ ያስሩኛል»

ይሄኛው ብዙ ሰው ያስፈራል። በተለይ ከክፍለ ሀገር በቅርብ የመጡ ልጆች፣ የቤት ሠራተኞች፣ መታወቂያቸው ጊዜው አልፎበት ወረዳ የተመላለሱ ሰዎች በዚህ ሐሳብ ከቤት መውጣት ሁሉ ይከብዳቸዋል።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 51 ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሰው የሚይዝባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ቢያንስ አንድ ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ሠርቷል ወይም ሊሠራ ነው ተብሎ በበቂ ምክንያት የተጠረጠረ፣ ፀጥታ ሲያደፈርስ የተገኘ፣ ፖሊስን ሥራው ላይ ያደናቀፈ፣ የተሰረቀ የሚመስል ዕቃ የያዘ፣ ቤት መስበሪያ መሣሪያ ያለ ምክንያት ይዞ የተገኘ፣ እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩ ውስጥ «መታወቂያ ቤቱ የረሳ» የሚል የለም። መርሳት ብቻውን የወንጀል ተጠርጣሪ አያደርጋችሁም።

መንገድ ላይ ግን ማን እንደሆናችሁ ካልታወቀ «ጣቢያ ሄደን እናጣራ» የሚባልበት ጊዜ አለ፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ስለዚህ መታወቂያ ባይኖርም ባዶ እጅ አትሁኑ። ሙሉ ስም እስከ አያት ተናገሩ። ወረዳችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ንገሩ። የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ የፋይዳ ካርድ፣ ያላችሁን አሳዩ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ብዙ ጊዜ ያግባባል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቤት ደውላችሁ እናት ወይም ወንድም እንዲያናግሩም ማድረግ ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ፤ የሌላ ሰው ስም አትስጡ። መታወቂያ መርሳት ምንም አይደለም፣ ሐሰተኛ ስም መስጠት ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትናገሩም የሚያምናችሁ አታገኙም።

«አሜሪካ ተሳፋሪ ስሙን አይናገርም፣ እኛም አንናገርም»

ይሄ ከቪዲዮ የመጣ ነው። ቲክቶክ ላይ አንድ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ፖሊስን በሕግ ሲያፋጥጥ እናያለን፣ ከዚያ ያንኑ ለገሃር ላይ ለመድገም እንሞክራለን።

አንደኛ፣ እዚያም ቢሆን ነገሩ ቪዲዮው ላይ እንዳለው አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. ፖሊስ መኪና ሲያስቆም ተሳፋሪውንም «ውረድ» ማለት እንደሚችል ወስኗል። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኔቫዳ ጉዳይ፣ በበቂ ጥርጣሬ የቆመ ሰው ስሙን እንዲናገር ክፍለ ግዛቶች በሕግ ማስገደድ እንደሚችሉ ፈረደ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለተሳፋሪ የሚጠቅም ውሳኔ መጣ፦ መኪና ሲቆም ተሳፋሪውም እንደተያዘ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ማስቆሙ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ሊከራከር ይችላል። ግዴታው ከግዛት ግዛት ይለያያል።

ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ የዚያ አገር ሕግ ነው። እዚህ ለክርክር የሚጠቅማችሁ የራሳችን ሕገ መንግሥት ነው፣ እሱም ባዶ አይደለም።

«መታወቂያ ካሳየሁ ስልኬንም መክፈት አለብኝ»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንድ አይደሉም።

መታወቂያ ማሳየት ማለት «እገሌ ነኝ» ማለት ነው። ስልክ መክፈት ማለት ደግሞ ከእናታችሁ ጋር ያወራችሁትን፣ የባንክ መልእክታችሁን፣ የልጆቻችሁን ፎቶ፣ የሐኪም ወረቀታችሁን ለማታውቁት ሰው አሳልፋችሁ መስጠት ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው ግላዊነት ይጠብቃል። ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር፣ ዕቃውም ከመወሰድ የተጠበቀ ነው ይላል። በደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም አይደፈርም ይላል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ያውም በዝርዝር ሕግ መሠረት ነው። በሩን የከፈተው ፖሊስ «አንተ ስልክህን ክፈት» ስላለ ብቻ ያ ሁኔታ ተሟላ ማለት አይደለም።

አካልን መፈተሽም እንደዚሁ የራሱ ሥርዓት አለው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 የተያዘ ሰው የሚፈተሸው ለጉዳዩ ማስረጃ የሚሆን ነገር ይዟል ተብሎ በምክንያት ሲጠረጠር ነው ይላል፣ ፈታሹም ተመሳሳይ ፆታ መሆን አለበት። ሴት በሴት ትፈተሻለች። እህቶቼ፣ ይህን «ሴት ፖሊስ ትጠራልኝ» ብላችሁ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም፣ የተጻፈ ሕግ እየጠቀሳችሁ ነው።

ደመራ መግቢያ ላይ ወይም ባንክ በር ላይ የሚደረገው ፍተሻ ከዚህ ይለያል። እዚያ መግባት ካልፈለጋችሁ ተመልሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ስልክ ስትጠየቁ መጯጯህ አያስፈልግም። «መታወቂያዬ ይኸው፣ ስልኬ ግን የግሌ ነው፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ ወይ?» በቂ ነው። ፖሊሱ ስልኩን በጉልበት ከቀማችሁ ግን ግብግብ አትግጠሙ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ፊቱን፣ ደረቱ ላይ ያለውን ስም ያዙ፣ ክርክሩ በኋላ ነው።

«መታወቂያ የሚታየው ብሔር ለማየት ነው»

ይህን ፍርሃት «የተሳሳተ» ብዬ ብቻ ባልፈው ሐቀኛ አልሆንም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው መያዝን ፈቅዶ ነበር። በዚያ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ታሰረ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ስጋቱን በይፋ ገልጿል። አዋጁ የካቲት 2014 ተነሳ። ያንን ጊዜ ያሳለፈ ሰው «መታወቂያ» ሲባል ልቡ ቢመታ ማንም ሊፈርድበት አይገባም።

የተሳሳተው እያንዳንዱ ጥያቄ ለዚያ ነው ብሎ መደምደሙ ነው። ሿሿ የሚፈልግ ፖሊስ ስምና አድራሻ ነው የሚፈልገው። ሥጋቱ ላለበት ሰው የምመክረው ፋይዳ ማውጣት ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ አሻራ፣ የዓይን ምስልና ፎቶ ይመዘግባል፣ ብሔርና ሃይማኖት ግን አይጠይቅም። ስማችሁን፣ ፎቷችሁንና ቁጥራችሁን ያሳያል፣ ለመንገድ ላይ ጥያቄ ደግሞ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

«ለምን ብሎ መጠየቅ እምቢ ማለት ነው»

አይደለም። «ለምንድን ነው ያስቆማችሁን?» ጥያቄ ነው፣ ማደናቀፍ አይደለም። ልዩነቱ ድምፅ ላይና እጅ ላይ ነው። መታወቂያውን እየዘረጋችሁ መጠየቅ ይቻላል። ሲቪል የለበሰ ሰው ከጠየቃችሁም መጀመሪያ የእሱን የሥራ መታወቂያ ማየት ትክክል ነው፤ ፖሊስ መስሎ የሚዘርፍም አለና።

«ና ወደ ጣቢያ» ከተባላችሁ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይመጣል። የተያዛችሁበት ምክንያት በሚገባችሁ ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገራችሁ ይገባል። ዝም የማለት መብት አላችሁ። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለባችሁ። ስለዚህ ለቤተሰብ ስትደውሉ ከማልቀሳችሁ በፊት ሦስት ነገር ንገሩ፦ የየትኛው ጣቢያ ፖሊሶች እንደሆኑ፣ ከየት እንደወሰዷችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደያዟችሁ። 48ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያ ነው።